የአራት ለባዶው ቀጠሮ

ቡድናችን አራት ለባዶ ያሸነፈ ዕለት በነቀምቴ ስታዲየም ውስጥ እንደ እኔ የደነገጠ ሰው አልነበረም። የተሸነፉት እንኳ እንደ እኔ አልደነገጡም። እነሱ ከሦስተኛው ጎል በኋላ አንገታቸውን ደፍተው የሚመለሱበትን መኪና ማሰብ ጀምረው ነበር። እኔ ግን የገዛ ቡድኔ ሌላ ጎል እንዳያገባ ፈጣሪዬን እለምን ነበር። የሚስቅ ይሳቅ። ያን ቀን የሳቁብኝም ጥቂት አይደሉም።

አሳምሬ መጻፍ አላውቅበትም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስተማረችኝም ልጄ ናት፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የጨዋታ ማስታወቂያ በጣቷ እያሳየች፣ እንደ ሕፃን እያስደገመችኝ። ስለዚህ እንደምናገረው ነው የምጽፈው። ያማረ ቃል የሚፈልግ የተማሩት ዘንድ ይሂድ።

የኪራሙ ሰው ነኝ። አያቶቼ ከጎጃም ተሻግረው የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን ከኪራሙ ሌላ አገር አላውቅም ነበር። በቆሎ አርስ ነበር፣ ከብትም ነበረኝ። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ሚስቴን ቀደም ብዬ ቀብሬ ነበርና፣ የቀረችኝን አንዲት ልጅ ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያየነውን አልጽፍም። ለሰው ያልተናገርኩትን ለወረቀት አልናገርም። አሁን ነቀምቴ፣ በአርጆ መውጫ፣ አጠና እሸጣለሁ። ባሕር ዛፉን እንደየውፍረቱ ለይቼ መንገድ ዳር አቆመዋለሁ፤ ቤት የሚሠራ ይገዛኛል። ቤታችን ከአጠናው ጀርባ ነው። ልጄ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሆናለች። እሷ፣ አጠናው፣ ቡድኑ፤ ሌላ የለኝም።

ቡድኑ ደግሞ ሰው የሚያሸንፍ ቡድን አይደለም። ኪራሙ ሳለሁ በሬዲዮ ነበር የምከታተለው፤ ሬዲዮኗን ዛፍ ላይ ሰቅዬ በቆሎ እያረምኩ ሽንፈቱን እሰማለሁ። ነቀምቴ ከገባሁ ወዲህ ሽንፈቱን በዓይኔ ለማየት በቃሁ። ሲያሸንፍም አንድ ለባዶ ነው፤ እሷንም በጭንቅ። ጎሏ ከገባች በኋላ አስራ አንዱም ተከላካይ ይሆናሉ። በረኛው ሆዱን ይዞ ይተኛል። እኛ ከላይ ሆነን ሰዓታችንን ለዳኛው እያሳየን እንሳደባለን። አቻ ከወጣን ደስ ብሎን እንገባለን፤ ከተሸነፍን ዳኛውን ረግመን እንገባለን። ሁለቱንም እናውቅበታለን። ደልቶን ማሸነፍን ግን ማንም አላስተማረንም።

የምወደውም ለዚህ ይመስለኛል። ምንም ቃል አይገባልህም። ምንም ቃል ያልገባልህ ነገር ደግሞ ሊከዳህ አይችልም። ከዚያ መንገድ ለወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ልጁ መጣ። የጊዳ አያና ልጅ ነው፣ የኪራሙ ጎረቤት አገር፤ የከብት ሐኪም። አባቱ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ፣ እናቱ የዚያው አገር ኦሮሞ ናት። እሱም እንደ እኛው ተፈናቅሎ ነቀምቴ ከርሞ ነበር፤ ወባ ሲይዘው ልጄ የምትሠራበት ክሊኒክ ገባና ተዋወቁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን በቀለለኝ። ችግሩ ተመልሶ አያና መግባቱ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ይላል፤ ከብቱ እያለቀ ነው፣ የሚያክም የለም ይላል። ልጄም እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ይፈልጋሉ ትለኛለች፤ ወጥ እየጨለፈች፣ እንደ ዋዛ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱ ጨርሰዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኩል እጇን ይዤ እየጎተትኩ ያወጣኋትን ልጅ፣ እኔው መርቄ ወደዚያው ልሰዳት ነው።

ሽማግሌ መጣ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም። ደጅ ላይ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። አባትየው "ተቀመጡ" ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። "አልሰጥም" ብሎ ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ቢያንስ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። መስጠት ያልፈለገ አባት ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየደረበ፣ ጠያቂው ሰልችቶት እስኪተው ይገፋዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔም በዚህ ተማምኜ ነበር።

ሦስት ሆነው ነው የመጡት። አፍ ሆነው የሚናገሩት ጎረቤቴ ናቸው፤ ሽማግሌ ኦሮሞ፣ ዕድሜያቸውን በአያና መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ስታዲየም ውስጥ ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ አብረን ስንት ሽንፈት አሳልፈናል። ሁለተኛው የልጁ አጎት ነው፣ ቁጡ ሰው። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ መስቀል እንደያዘ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ዘመድ ላማክር አልኳቸው። የቱን ዘመድ? ዘመዴ የት እንደተበተነ እኔም አላውቅ። እነሱም ያውቃሉ። ግን ቀጠሮ ነውና እሺ ብለው ሄዱ።

ሁለተኛ የመጡት በእሑድ ጠዋት ነው። ዋዜማውን በሜዳችን ተሸንፈን ነበር፤ ያውም ከመጨረሻው ደረጃ ከማይነቃነቅ ቡድን። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎረቤቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን እንደገና ከሥሩ ጀመሩ፤ ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ ጊዜው መሻል። የጊዜውን መሻል ሲያነሱ አላስጨረስኳቸውም።

"ቀጠሮ ነው የምትፈልጉት? እንኩ። ይህ ቡድን አራት ለባዶ ያሸነፈ ዕለት ኑ። ያን ዕለት ተቀመጡ እላችኋለሁ።"

አህያ ቀንድ ስታበቅል ማለቴ ነበር። ሰድቤያቸዋለሁ። ማንም ጆሮ ያለው ሰው ስድብ እንደሆነ ይገባዋል። አጎትየው ገብቶት ፊቱ ጠቁሮ ወደ መንገድ ዞረ። ሽማግሌው ግን ክንዱን ያዝ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ገለቶማ፣ ቀጠሮ ተቀብለናል" አሉና በምስጋና ተሰናብተውኝ ሄዱ። እኔ ገብቼ ሳቅሁ። ብቻዬን፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰምታለች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። ራቴን አቀረበች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ጀመረች። በሕይወቷ ኳስ ግድ ሰጥቷት የማያውቅ ልጅ፣ ቀጣዩ ጨዋታ ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቅ ያዘች። አጥቂያችን ጉልበቱን ታሟል ሲባል፣ ሐኪም ዘንድ ሄዷል ወይ፣ ምን አሉት፣ አለችኝ። ነርስነቷ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ሞኙ ደስም ብሎኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ቡድኔን የሚያወራልኝ ሰው ቤቴ ውስጥ ተገኘ ብዬ።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ተጋጣሚያችን ሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ፣ ከእኛ የተሻለ ደረጃ ላይ ያለ ቡድን ነው። አቻ ብንወጣ ይበቃኝ ነበር። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ከታች ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ነበሩ። አጎትየውን ስታዲየም አይቼው አላውቅም፤ ምን አመጣው ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

የመጀመሪያዋ ጎል ገና ሰው ቦታ ቦታውን ሳይዝ ገባች። ዘለልኩ። አጠገቤ የነበረውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት። እዚህ ድረስ እኔ ጤነኛ ደጋፊ ነኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የለመድኩትን ጭንቅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ልጆቹ ወደ ኋላ አልተመለሱም። በረኛው አልተኛም። ኳሱን ከእግር ወደ እግር ያንሸራሽሩታል፤ እንደ ራሳቸው ግቢ፣ እንደማይቸኩል ሰው። እኔ ይህን ቡድን አላውቀውም። ማሊያውን ነው የማውቀው። ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን የሌላ ሴት ፊት ይዛ ቢያገኛት የሚደነግጠውን ያህል ደነገጥኩ። ሁለተኛዋ ከእረፍት በፊት ገባች፤ በቅብብል፣ ያለ ግፊያ፣ ያለ ዳኛ ስህተት። እንዲህ ዓይነት ጎል በእኛ ሜዳ ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜም የሚያገቡብን ናቸው እንዲህ የሚያገቡት።

እረፍት ላይ ጎረቤቴ ወደ ላይ ዞሩ።  እፍኝ ቆሎ ዘረጉልኝ። ስቀበላቸው ዓይናችን ተገጣጠመ፤ እና ትዝ አለኝ። እሑድ ጠዋት ከአፌ የወጣው ቃል፣ አንድ በአንድ፣ ተመልሶ በጆሮዬ ገባ። ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተናገርኩትን ነገር ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ስድብ የሰደበ ይረሳል፤ ቀጠሮ የያዘ ግን አይረሳም።

ሁለት ገና ሁለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሦስተኛዋ ስትገባ ስታዲየሙ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ ግን ለመጮህ ነው። "ኦፍሳይድ ነው፣ መስመር ዳኛ ታውረሃል እንዴ" እያልኩ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ማሽካካት ጀመሩ። አንዱ፣ "ፋዘር፣ ማሊያ ቀየርክ እንዴ?" አለኝ። ሌላው፣ ተዉት፣ ጸሐይ መትቶት ነው፣ አለ። የሚያውቁኝ አንድ ነጋዴ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ደስታ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ፣ ወንድማቸው ሎተሪ ሲደርሰው ደም ግፊት ይዞት ሆስፒታል ገብቷል።

ከዚያ በኋላ የማደርገውን አላውቅም። አጥቂው ደክሞታል፣ አውጣው፣ ተከላካይ አስገባ፣ እያልኩ ወደ አሰልጣኙ መጮህ ያዝኩ። በዘመኔ ሁሉ ተከላካይ አታብዛ እያልኩ ስሰድበው የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰውየው ሰማኝ መሰለኝ፣ በእርግጥም አጥቂውን አወጣና አንድ ረጅም ተከላካይ አስገባ። አመሰገንኩት። ብዙም ሳይቆይ የማዕዘን ምት አገኘን። ያ ረጅም ተከላካይ ሊያግዝ ወደ ፊት ሄደ። ኳሱ ትከሻውን መታው እንጂ እሱ ኳሱን አልመታም። ገባ። አራት።

ያን ጩኸት ነቀምቴ ሰምቶት አያውቅም። ከታች አጎትየው፣ ያ ቁጡ ሰው፣ ሦስተኛውን ሽማግሌ ከነጠላው አቅፎ ያወዛውዘዋል። ለኳስ እንዳልሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ። ጎረቤቴ አልዘለሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው በእኛ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሰው ሁሉ ሲሳደብ እኔ ነፍሴ ተመለሰች። አራት ለአንድ አራት ለባዶ አይደለም። ሕግ ሕግ ነው፤ ቀጠሮም በቃሉ ነው። መቺው ኳሱን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ያ በረኛችን፣ እግሩ ሥር የመጣች ኳስ የምታመልጠው፣ ዓመቱን ሙሉ የረገምነው፣ እንደ ድመት ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣት። ሰዎች አለቀሱ። እኔም ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ያየኝ ሁሉ በደስታ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገኝ አለፈ።

ሌላ ሰው ይሄኔ ሲጨፍር ያመሻል። ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ በዋናው መንገድ ይወርዳል፣ ሴቶች ከየደጁ እልል ይላሉ። እኔ በዚያ መሃል ወደ አርጆ መውጫ ወረድኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሦስቱም ከኋላዬ ናቸው፤ አይደርሱብኝም፣ አይርቁኝም። ፈጠን ስል ይፈጥናሉ። እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ ረጅም ሰላምታ አደረግሁ፤ እነሱም ቆመው ጠበቁኝ።

አጠናው ፊት ለፊት፣ ደጄ ላይ፣ ተሰልፈው ቆሙ። የሽማግሌው ድምፅ ከመጮህ ብዛት ታፍኗል፤ ለካ እሳቸውም ሲጮኹ ነበር።

"ኦቦሌሳ ኮ" አሉኝ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ "የቀጠርከን ቀን ዛሬ ነው። መጥተናል።"

 ሦስተኛዋ ጎል ኦፍሳይድ ናት ልል አሰብኩ፤ አፈርኩ። ደግሞ እነሱም እዚያው ሆነው አይተዋታል። አባቴ "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይል ነበር፤ አገሩም ይላል። ልጅ ሳለሁ ትልቅ ቃል ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ደጄ ላይ ቆሜ ግን ይህን ተረት መጀመሪያ ያወጣው ሰው ልጅ የሌለው መሆን አለበት አልኩ በልቤ። ልጅ ያለው ሰው ይህን አይልም።

 ያኔ ሽማግሌው ያልጠበቅሁትን ነገር አደረጉ። ለማላገጥ እንደተናገርኩት ያን ዕለትም እንደገባቸው ነገሩኝ። ቀጠሮ ብለው የያዙት እኔን ከነውር ለማዳን እንጂ አራት ለባዶ እናሸንፋለን ብለው እንዳልሆነ፤ ማን ያስባል፣ አሉ። አሁንም ቀልድ ነበር ካልኳቸው፣ ቀልድ ነበር ብለው ይሄዳሉ፤ ሁለተኛም አይመጡም፤ በከተማውም አያወሩም። አጎትየው ሊናገር ሲል በዓይናቸው ከለከሉት።

በሩ ክፍት ነበር። አንድ ቃል ነበረች የምትበቃኝ። ቀልድ ነበር።

አላወጣኋትም። በምትኩ፣ "ልጆቹ የት ነው የሚኖሩት? አይዋሹኝ፣ አንቱ መንገዱን ያውቁታል" አልኳቸው።

"አያና ነው የሚኖሩት። አልዋሽህም። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ስነዳበት የነበረው መንገድ አይደለም።"

ደህና ነው ቢሉኝ ኖሮ አባርራቸው ነበር። እውነቱን ሲነግሩኝ አቅም አጣሁ።

ይሄኔ ልጄ ወጣች። ጠያቂ ቆሞ ሳለ ተጠያቂዋ አትወጣም፤ የትም አገር አትወጣም። አጎትየው ራሱ ደንግጦ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሁለት በርጩማ በአንድ እጇ፣ አንድ በሌላው ይዛ፣ በፊቴ አልፋ፣ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ ኋላ አንዳንድ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አታለቅስም። በሽተኛ ስታይ የምታደርገው ፊት ነው ያላት፤ የሚያመውን ነገር አውቃ፣ ግን መርፌውን የማትተው።

"አባየ፣ ሽማግሌ እስከ መቼ ይቆማል?" አለችኝ።

ይህች ናት ያኔ እጄን ይዛ፣ አባየ እስከ መቼ እንሄዳለን ስትለኝ የነበረች። ያኔ ትጠይቅ የነበረው ስለ ፈራች ነው። አሁን ፈርቶ የቆመው እኔ እንደሆንኩ አየሁ፤ እሷ አይደለችም። መንገዱን እኔ ብቻ ያየሁት ይመስለኝ ነበር። እሷም አይታዋለች። አይታውም ልትመለስ ትፈልጋለች። ይህ ከአራቱም ጎል ይልቅ አስደነገጠኝ።

"ተቀመጡ" አልኩ።

ተቀመጡ። ልጄ ገባች። ሽማግሌው በኦሮምኛ መረቁ፣ ያ ዝምተኛው በግዕዝ ደገመበት። አጎትየው አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ፤ እግሬ አልታጠፍ አለኝ። ሽማግሌው፣ እንግዲህ የልጅ አባት ነህ፣ የምትጠይቀውን ጠይቅ አሉኝ። ለልብሱም፣ ለጌጡም፣ ለሠርጉም አባት የሚለው አለው። ስለ ልብስ ምንም አላሰብኩም ነበር። ምን እንደምል ሳላውቅ አፌ ተከፈተ፤ የተናገርኩትንም ከእነሱ ጋር እኩል ነው የሰማሁት።

"የምትሄድ ዕለት እኔም አብሬያት እሳፈራለሁ። ከሹፌሩ ኋላ። አያና ድረስ።"

አጎትየው ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው ሲያበቁ፣ የሚነዳውን ሰው እሳቸው ራሳቸው እንደሚመርጡት ነገሩኝ።  ያኔ እኔም ሄጄ የአጠናው ክምር ላይ ተቀመጥኩ።